ቤት ውስጥ ዘፈን ለመቅዳት ምን ይሻላል? ስልክ፣ የዩኤስቢ ማይክ ወይስ ሳውንድ ካርድ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲስ ኮንደንሰር ማይክ ሰክቼ የራሴን አንድ የትዝታ ዜማ ቀዳሁ። ጨርሼ ሄድፎን አድርጌ ሰማሁት። ድምፄ ኩልል ብሎ ወጥቷል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ግን ከኋላ የሆነ ነገር ይመታል። ዱም። ዱም። ዱም። ከላይ ፎቅ ያሉት እማማ ቡና እየወቀጡ ነበር። ሙቀጫው ብቻ ቢሆን ደግ። የፍሪጁ ጉርምርምታ አለ፤ ደረጃ ላይ የሚሮጥ ልጅ አለ፤ በሩቅ የሚያልፍ ባጃጅ አለ።

በማግስቱ እሑድ ከጓደኛዬ ዳይናሚክ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ማይክ ተዋስኩ፤ የሁለቱን ልዩነት ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። ዋጋው የእኔን ግማሽ አይሞላም። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያንኑ ዘፈን ደገምኩት። ላይ ቤት ቡናው እንደተለመደው ይወቀጣል፤ በጆሮዬ ይሰማኛል። ቅጂው ላይ ግን ፈልጌ አጣሁት።

ከዚያ ወዲህ "የትኛው ማይክ ይሻላል?" ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ ጥያቄ ነው። የምትቀዳበት ክፍል እንዴት ያለ ነው? ይህን የምጽፈው ስቱዲዮ ከፍቶ ለሚሠራ ባለሙያ አይደለም። ማታ ከሥራ ሲገባ ክራሩን አንስቶ ወይም ኪቦርዱን ከፍቶ የራሱን ዘፈን መሥራት ለሚወድ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ ሳይሆን ከቤቱ ነው።

መጀመሪያ ክፍሉን ስሙት

ክፍሉ መሃል ቁሙና አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ "ጥዝዝ" የሚል ጭራ ከቀረ፣ ያ ጭራ እያንዳንዱ ቃላችሁ ላይ ይለጠፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ትልቅ ነው። ድምፅ የሚውጥ ነገር የለም። አልጋና ቁም ሳጥን ያለበት መኝታ ቤት ግን ከሳሎኑ በብዙ ይሻላል። ፍራሹ ራሱ ሥራ ይሠራል።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። የቁም ሳጥኑን በር እከፍታለሁ። ልብሶቹ ከማይኩ ጀርባ እንዲሆኑ እቆማለሁ። ከጀርባዬ ደግሞ በሩ ላይ ጋቢ እሰቅላለሁ። አንድ ድርብ ጋቢ ከሱቅ ከሚገዛው ስስ ስፖንጅ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሁለቱንም ሞክሬ ነው የምለው።

የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ሌላ ነገር ነው። ኮርኒሱ ጨርቅ ከሆነ ክፍሉ ራሱ ደስ የሚል ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ዝናብ ሲመጣ ግን የትኛውም ማይክ አያድናችሁም። በክረምት ከሰዓት በኋላን ለግጥምና ለኪቦርድ፣ ማለዳን ለድምፅ መተው ነው የሚያዋጣው። የሰፈራችሁን ሰዓትም እወቁ። ዶሮው፣ ውሻው፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። እኔ ሰፈር ጸጥታ ያለው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ ሰባት ነው። ዘፈኖቼ በሙሉ የተወለዱት እዚያ ውስጥ ነው።

ስልክ፦ ከሚነገርለት በላይ ነው

እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ የመጀመሪያ ስቱዲዮአችሁ ነው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ ያዜሟቸውን መዝሙሮችና ዘፈኖች ራሳቸው በቴፕ ቀድተው አስቀምጠው ነበር። እሳቸው በ2023 ካረፉ በኋላ፣ በ2024 እነዚያ ቅጂዎች በአልበም ወጡ። ስትሰሙት ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ይንጫጫሉ። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ዘመን ቴፕ በጥራት የተሻለ ይቀዳል።

ስልክ የሚደክምበት ቦታ ግን አለ። ብዙው ስልክ የተሠራው ለንግግር ነው። ከመሃል ረዘም ያለና የማይለዋወጥ ድምፅ ሲሰማ "ይህ ጫጫታ ነው" ብሎ ይቀንሰዋል። በገና ቀድታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። የበገና ውበቱ እንዝራው (ጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) የሚፈጥረው ያ ዝዝታ ነው። ስልኩ ዝዝታውን ይበላና ደረቅ ጭረት ያስቀርላችኋል። ጮክ ብላችሁ ስትዘፍኑም ድምፁን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝም ስትሉ ደግሞ ያነሳዋል፤ ቅጂው ሲተነፍስ ይሰማል።

ስለዚህ ስልክን ከመረጣችሁ የድምፅ ማስተካከያ የማይጨምር የመቅጃ መተግበሪያ ፈልጉ። በዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ቅዱ። አይፎን ከሆነ የቮይስ ሜሞ ቅንብር ውስጥ "ሎስለስ" (ጥራት የማይቀንሰው) የሚለውን ምረጡ። ስልኩን አፋችሁ ላይ አትደግኑት፤ ወደ ጎን አድርጋችሁ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። ከሥር የታጠፈ ነጠላ አንጥፉበት፤ የጠረጴዛውን ንዝረት ይወስድላችኋል።

አዲስ ዜማ ሲመጣ ለመያዝ ስልክን የሚያክል የለም። ሳውንድ ካርድ (ማይክና መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) ከገዛሁ በኋላም ዜማ የምይዘው በስልክ ነው። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ዜማው ይሄዳል።

የዩኤስቢ ማይክ

አንድ ገመድ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፤ አለቀ። ግጥም እያነበበ ለሚቀዳ፣ ፖድካስት ለሚሠራ፣ ድምፁን ብቻ በተዘጋጀ ቢት ላይ ለሚያስገባ ሰው ይበቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛ ነገር ስትፈልጉ ነው። ክራር እየመታችሁ በአንዴ መዝፈን ብትፈልጉ ሁለተኛ ዩኤስቢ ማይክ መጨመር አስቸጋሪ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱን እንደ ሁለት ካርድ ያያቸዋል። ጊታር ወይም ኪቦርድ የሚሰካበት ቀዳዳም የለውም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ኮንደንሰር ናቸው፤ ሙቀጫውን ይሰማሉ። መሃል መንገድ ከፈለጋችሁ የዩኤስቢም የኤክስኤልአርም (ሳውንድ ካርድ ላይ የሚሰካው ባለ ሦስት ፒን) መሰኪያ ያላቸው ዳይናሚክ ማይኮች አሉ። ሳምሰን ኪው2ዩ አንዱ ነው። ዛሬ በዩኤስቢ ትሠሩበታላችሁ፤ ነገ ሳውንድ ካርድ ስትገዙ ማይኩ አብሯችሁ ይቀጥላል። ለጀማሪ ገንዘብ የማይባክንበት ምርጫ ይህ ይመስለኛል።

ሳውንድ ካርድና ማይክ፦ ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር?

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሰው ብዙ ብር የሚያጠፋው እዚህ ነው።

ኮንደንሰር በጣም ስስ በሆነች ሽፋን ነው የሚሰማው። ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል። ትንፋሹን፣ የከንፈር ንኪኪውን፣ የጅማቱን ጫፍ ሁሉ ያነሳል። ዳይናሚክ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ይሠራል። ከበድ ያለ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መውደቅንም ይችላል። ሹር ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እየተሠራ ነው። ሠርግ ላይም ኮንሰርት ላይም የምታዩት ባለ ኳስ ማይክ እሱ ወይም የእሱ ግልባጭ ነው።

ዳይናሚክ ጎረቤት የማይሰማው ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም። አፋችሁ ስለሚጠጋው ነው። ከማይክ ያላችሁን ርቀት በግማሽ ስትቀንሱ ድምፃችሁ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። የእማማ ሙቀጫ ግን ባለበት ነው። አራት ጣት ርቀት ላይ ስትዘፍኑ ጌይኑን (ሳውንድ ካርዱ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ሙቀጫውም አብሮ ይወርዳል። ኮንደንሰርንም ማስጠጋት ይቻላል፤ ያኔ ግን ምራቅና ትንፋሽ ይበዛል፤ "በ" እና "ፍ" ያሉበት ቃል ሁሉ ይነፋል። አብዛኞቹ ማይኮች ከኋላ የሚመጣን ድምፅ ይቀንሳሉ። ስለዚህ የማይኩን ጀርባ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ደረጃው አዙሩት። ይህ ነፃ ነው፤ ልዩነቱም ወዲያው ይሰማል።

ከእኛ ቋንቋ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገርም አለ። አማርኛ በ"ጠ"፣ "ቀ"፣ "ጨ" የተሞላ ነው። እነዚህ ፊደላት እንደ ክብሪት ጭረት ድንገት ብቅ ይላሉ። ኮንደንሰር ላይ የድምፅ መጠን የሚያሳየው ሜትር አረንጓዴ ሆኖ ሳለ አንድ "ጥ" ብቻ ቀይ ታደርገዋለች። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚያስተምሩበትን የጌይን ልክ እንዳለ ከወሰዳችሁ የድምፃችሁ ጫፍ ተቆርጦ ይሻክራል። በጣም የሚጮኸውን ስንኝ ከነሙሉ ስሜቱ ዘፍናችሁ፣ ጫፉ ከ−12 ዴሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ አድርጉ። በ24 ቢት (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚመረጥ የቅጂ ጥራት) ስትቀዱ ዝቅ ማለቱ አይጎዳችሁም። "ሰ"፣ "ሸ"ና "ጸ" ደግሞ በርካሽ ኮንደንሰር ላይ እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ፤ ዳይናሚክ ያለሰልሳቸዋል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። መንገድ ዳር ወይም ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ፣ ድምፃችሁም ወፍራም ወይም ጮክ ያለ ከሆነ ዳይናሚክ። ጸጥ ያለ ጓሮ ቤት፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ዋሽንት ወይም ክራር በብዛት የምትቀዱ ከሆነ ኮንደንሰር። ብትጠራጠሩ ዳይናሚኩን ውሰዱ።

ስለ ሳውንድ ካርዱ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ ስንት ማይክ በአንዴ ይቀበላል? ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ አንድ ማይክ ነው የሚወስደው፤ ቱ አይ ቱ የሚባለው ሁለት። ክራር ወይም ጊታር እየተጫወታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ከመጀመሪያው ባለ ሁለቱን ግዙ፤ ሶሎውን ገዝቶ ከስድስት ወር በኋላ የማይቀይር ዘፋኝ አላየሁም። ሁለተኛ፣ ኃይሉን ከዩኤስቢ ያገኛል ወይስ የራሱ አዳፕተር አለው? ከዩኤስቢ የሚያገኘው መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ ይቀጥላል። ቅጂ መሃል መብራት የሄደበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሌላም ጥቅም አለው። ግራውንድ በሌለው ሶኬት ላይ ቻርጀሩ "ጂዝዝ" የሚል ድምፅ ካመጣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ መቅዳት ትችላላችሁ።

ስትዘፍኑ ድምፃችሁ ሄድፎን ላይ ዘግይቶ ከመጣ ሳውንድ ካርዱ ላይ "ዳይሬክት ሞኒተር" የሚለውን ክፈቱ፤ ወይም ሶፍትዌሩ ውስጥ በፈር የሚለውን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚይዝበትን መጠን) ወደ 128 ወይም 256 አውርዱ። የብሉቱዝ ሄድፎን ለቅጂ አይሆንም፤ መዘግየቱ ምቱን ያስታችኋል። ባለ ገመድና ጆሮ የሚሸፍን ይሁን።

ክራር፣ ማሲንቆ፣ ኪቦርድ

ክራርን ስትቀዱ ማይኩን ጣታችሁ ላይ አትደግኑ። ጣት ላይ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ድምፁ ያለው ሆዱ ላይ ነው። ከቆዳው አንድ ስንዝር ተኩል አርቁና ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት። ማሲንቆ ደግሞ ርቀት ይወዳል። ቅርብ ሲሆን የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ዜማውን ይሸፍነዋል፤ አንድ ክንድ ስታርቁት ያ የሚያለቅስ ድምፅ ይመጣል። ርቀት ሲኖር ክፍሉም አብሮ ስለሚቀዳ፣ ማሲንቆ ጋቢውን ከሁሉም በላይ የሚፈልግ መሣሪያ ነው።

ኪቦርድ ያላችሁ ሰዎች ማይክ ፊት አታቁሙት። ከጀርባው ባለው መውጫ በጃክ ቀጥታ ሳውንድ ካርዱ ላይ ሰኩት።

ሶፍትዌር፦ የቱ ጋ ይጀመር?

ኦዳሲቲ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አለ። ድምፅ ለመቅዳትና ለመቁረጥ ግሩም ነው። በሶፍትዌር መሣሪያዎች ሙሉ ቅንብር ለመሥራት ግን አይመችም። ባንድላብ በስልክም በኮምፒውተርም በነፃ ይሠራል፤ ውጪ ካለ ጓደኛ ጋር አንድ ዘፈን ላይ አብሮ ለመሥራት ከሁሉም ቀላል ነው። ዋሽንግተን ያለ የአክስቴ ልጅ ቤዙን እዚያ ሆኖ ይጨምርልኛል። ኢንተርኔት ሲቆም ግን አብሮ መሥራቱ ይቆማል። ማክ ወይም አይፎን ያለው ሰው ጋራዥባንድን ሳይሞክር ሌላ ባይገዛ እመክራለሁ።

ኤፍኤል ስቱዲዮ እኛ ጋ በጣም ይወደዳል፤ ለቢት ሠሪ የሚገባ ነው። ነፃው የሙከራ ቅጂ ያስቀመጣችሁትን ሥራ መልሶ አይከፍትላችሁም። ይህን ሳያውቁ ሙሉ ዘፈን የሠሩ ልጆች ሲያዝኑ አይቻለሁ። እኔ የምጠቀመው ሪፐር ነው። የዊንዶውስ ፋይሉ ከ20 ሜጋባይት አይበልጥም፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሮጣል። ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ ትሞክሩታላችሁ፤ የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ዶላር መክፈል ከእዚህ አስቸጋሪ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር አልመክርም። ቫይረሱ አንድ ነገር ነው፤ ሥራው መሃል ተዘግቶ የአንድ ወር ልፋት ይዞ መሄዱ ግን ልብ ይሰብራል።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለት ነገር ቀድማችሁ አስተካክሉ። ችክችካ የምትሠሩ ከሆነ ምቱን ከ4/4 ወደ 6/8 ቀይሩት፤ ካልሆነ ከበሮው መስመሩ ላይ አልቀመጥ ይላችኋል። ኦቶቲዩን (ከቅኝቱ የወጣ ድምፅን የሚያርም መሣሪያ) የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ቅኝቱን ንገሩት። ለምሳሌ ትዝታ ሜጀርን ከዶ ስትዘፍኑ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ይበሩ፤ ሌላው ይጥፋ። የማረሚያ ፍጥነቱንም ቀንሱት። ያለዚያ ቅላፄውን ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ እኔ ጭራሽ አላስገባም። ባህላዊው አንቺሆዬ ከፒያኖ ቁልፎች መሃል የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ማሽኑ ያንን "ስህተት" ብሎ ያርመዋል።

ግጥም ይቅደም ወይስ ዜማ?

ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ የሚያመጡት ዘፈን ግን ይለያያል። ከግጥም ስትጀምሩ መለኪያው አብሮ ይመጣል። በቅርቡ እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

መስኮቴን ከፍቼ ሰፈሩን ባየሁት
የልጅነቴን ደጅ ፈልጌ አጣሁት

ይህ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው፤ በየግማሽ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (የድምፅ ክፍል) አለው። ስንኙ ራሱ የት ላይ መተንፈስ እንዳለብኝ ነገረኝ። ዜማውን ለማግኘት አንድ ማታ በቃኝ። ከግጥም የተጀመረ ዘፈን ታሪኩ ይጠነክራል። አደጋው ሁሉም ዘፈናችሁ አንድ ዓይነት መራመጃ እንዲኖረው ማድረጉ ነው። ያን ጊዜ ሰንጎ መገን የሚባለውን ምጣኔ ሞክሩ፤ አምስት አምስት ነው፤ ወዲያው ይፈጥናል።

ከዜማ ስትጀምሩ ነፃ ትሆናላችሁ፤ ያልጠበቃችሁት ቦታ ይወስዳችኋል። በኋላ ቃል ስታለብሱት ግን ጠበቅና ላላውን ተጠንቀቁ። አንድ ወዳጄ ለገና በዓል ዘፈን ሠራ። ዜማው የመጀመሪያዋን "ገ" ይጎትታታል። "ና" ላላች። በዓሉ ጠፋና "ገና ነው" የሚለው "ጊዜው አልደረሰም" ሆኖ ተሰማ። ዜማውን በአንድ ምት ማሳጠር ብቻ ነው የፈታው። "አለ" የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ላልቶ "ተናገረ"፣ ጠብቆ "ይገኛል" ይሆናል። ስለዚህ ከዜማ የምትጀምሩ ከሆነ፣ ግጥሙን ከመዝፈናችሁ በፊት በዜማው ምት ለሌላ ሰው አንብቡለት። የሰማውን ይንገራችሁ።

ሱቅ ስትሄዱ

ላፕቶፕና የራሳችሁን ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በስፒከር እንዲያሰማችሁ አትፍቀዱ፤ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ማይክ ጥሩ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ቅዱ። "ጠጅ፣ ጨረቃ፣ ቅጠል፣ ሽሽት፣ ፀሐይ" በሉ። ከዚያ አሥር ሰከንድ ዝም በሉና የዝምታውን ድምፅ ስሙ። "ሽሽሽ" ከበዛ ተዉት። ኤስኤም58 ነው ተብሎ በጣም ከረከሰ ተጠራጠሩ፤ አስመስሎ የተሠራው ብዙ ነው። እውነተኛው ወደ 300 ግራም ይመዝናል፤ እጅ ላይ ክብደቱ ይታወቃል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁና አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ከቻላችሁ ባለ ሁለት መግቢያ ሳውንድ ካርድ ይምጣላችሁ። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይወስድም። ማይኩ ከእዚህም ይገኛል፤ ጋቢው እቤት አለ።